አርጊኔዝ፤ የካላዛር ምስክርና የመድኃኒት ዒላማ

 

ለዛሬ ያዘጋጀነው ትምህርት ስለ አንድ ረቂቅ ነገር ነው። ስሙ አርጊኔዝ ይባላል፤ ዓይን የማያየው፣ እጅ የማይዳስሰው፣ ነገር ግን በእያንዳንዳችን ጉበትና ደም ውስጥ ሌት ተቀን ሲሠራ የሚኖር ሞለኪውል ነው። ስለ እርሱ ለመናገር የተነሣነው ረቂቅነቱ ስላስደነቀን ብቻ አይደለም፤ ከዚህ ከጎንደር ደጋ ለእንጀራው ሲል ወደ ቆላ የሚወርደውን ወንድማችንን በሚገድለው በካላዛር ደዌ ላይ፣ ሁለት ታላላቅ ጥያቄዎች በዚህ ሞለኪውል ምክንያት ስለ ተነሡ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ፣ የአርጊኔዝ ኃይል በደም ውስጥ ሲለካ የደዌውን መክፋትና መሻል ለሐኪሙ ሊያመለክት ይችላልን የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ፣ መድኃኒት ቀማሚዎች ይህንኑ ሞለኪውል ዒላማ አድርገው ሥራውን ቢያግዱት ድውዩ ይፈወሳልን የሚል ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ተመሳሳይ መስለው ቢታዩም መልሳቸው አንድ አይደለም፤ የንግግራችንም ዋና ዓላማ ይህንን ልዩነት መግለጥ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ነገራችንን ከደዌው እንጀምር። በየዓመቱ ክረምት ሲገባ ለአረም፣ መስከረም ሲጠባ ደግሞ ለሰሊጥ አጨዳ፣ ቁጥሩ እጅግ የበዛ የደጋ ወጣት «በረሃ ልውረድ» ብሎ ወደ መተማ፣ ወደ ቋራና ወደ ሑመራ ይጓዛል። ያ አገር ዋልካ መሬቱ በበጋ የሚሰነጣጠቅ፣ ግራርና በደኖ የበቀለበት ቆላ ሲሆን፣ የአሸዋ ዝንብ የምትባለው፣ ከወባ ትንኝ እጅግ የምታንሰው ተናዳፊ፣ ቀን በመሬቱ ስንጥቅና በዛፎቹ ግርጌ ተሸሽጋ ውላ ሌሊት ትወጣለች። ሲያጭድ ውሎ የደከመው ሠራተኛ ያለ አጎበር ከዛፍ ሥር ወይም ከሜዳ ላይ ሲተኛ ትነድፈዋለች፤ በነደፈችውም ጊዜ ሊሽማኒያ ዶኖቫኒ የተባለውን፣ አንድ ሕዋስ ብቻ የሆነውን ጥገኛ ተሐዋሲ ወደ ሰውነቱ ታስገባበታለች። ደዌው ወዲያው አይገለጥም፤ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር ድረስ ተሰውሮ ይቆይና፣ ሰውየው የድካሙን ዋጋ ይዞ ወደ ቀዬው ከተመለሰ በኋላ ትኩሳቱ ይጀምረዋል፤ ሥጋው ይመነምናል፣ ደሙ ያንሳል፣ ጣፊያውም እያበጠ ሆዱን ይሞላዋል። ሕክምና ካላገኙት ሕመምተኞች መካከል ከ100ው ከ95 በላይ የሚሆኑት እንደሚሞቱ የዓለም ጤና ድርጅት ያስታውቃል።

የዚህ ተሐዋሲ ማንነት ለዓለም የታወቀው በ1903 ነው። ዊልያም ሊሽማን በእንግሊዝ አገር፣ ቻርልስ ዶኖቫን ደግሞ በሕንድ አገር በማድራስ ከተማ፣ እያንዳንዳቸው ከጣፊያ በተወሰደ ናሙና ውስጥ ተመልክተው ስላገኙት በሁለቱም ስም ተጠራ። ጎንደርም ከትኩሳት ጋር የቆየ ትግል ያላት አገር ናት። በ1953 በደምቢያ ሜዳ ላይ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ፤ በተከታዩም ዓመት በ1954 ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምንለው ተቋም፣ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና የሥልጠና ማዕከል ተብሎ በዚህችው ከተማ ተመሠረተ። ከዚያ ግማሽ ምዕት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ2005፣ የቆላ ደዌ ብቻ መስሎ ይታይ የነበረው ካላዛር በደቡብ ጎንደር በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ በደጋው ሕዝብ መካከል ተገኘ። ሕዝቡ መድኃኒት ያልበገረው ወባ ይዞታል እየተባለ ሲታከምና ሲሞት ከቆየ በኋላ እውነተኛው ደዌ በምርመራ ተለይቶ፣ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ከአገሩ ሐኪሞች ጋር ሆኖ በአዲስ ዘመን ጤና ጣቢያ ሕክምና ጀመረ። ከዚህ መከራ የምንማረው፣ ትኩሳት ሁሉ አንድ እንዳልሆነ፣ ደዌውን በጊዜ የሚለይና የሚመዝን እርግጠኛ ምልክት የጎደለው ሐኪምም ምንም ያህል ቢተጋ በጨለማ እንደሚሄድ ነው።

ዛሬ ሐኪሞቻችን ካላዛርን የሚለዩበት ፈጣን የደም ምርመራ አላቸው። ይህ ምርመራ የሚያሳየው ሰውነት ተሐዋሲውን ለመቋቋም ያመረተውን ፀረ አካል ነው፤ ጥቅሙም ታላቅ ነው። ነገር ግን ፀረ አካሉ ሰውየው ከዳነ በኋላም ለብዙ ጊዜ በደሙ ውስጥ ስለሚቆይ፣ አንድ ጊዜ ታክሞ የዳነ ሰው እንደገና ትኩሳት ሲይዘው፣ ደዌው ተመልሶ እንደ ሆነ ወይም ሌላ ሕመም እንደ ያዘው ይህ ምርመራ ሊለይ አይችልም። ስለዚህ ሐኪሙ ከጣፊያው ወይም ከመቅኔው በመርፌ ናሙና ወስዶ ተሐዋሲውን በአጉሊ መነጽር ለመፈለግ ይገደዳል። የጣፊያ መርፌ ደግሞ የውስጥ መድማት ሊያስከትል ስለሚችል የሠለጠነ እጅና የታጠቀ ሆስፒታል የሚጠይቅ እንጂ፣ በየጤና ጣቢያው የሚደረግ ነገር አይደለም። ከክንድ በሚቀዳ ጥቂት ደም የደዌውን አካሄድ የሚናገር፣ ሊቃውንቱ ባዮማርከር የሚሉት የደዌ አመልካች በብርቱ የሚፈለገውም ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ አርጊኔዝ እንምጣ። ይህን ኢንዛይም በ1904 ለይተው ያስታወቁት አልብሬክት ኮሰልና ሄንሪ ዴኪን የተባሉ ሊቃውንት ናቸው። ኢንዛይም ማለት በሰውነት ውስጥ አንዱን ንጥረ ነገር ወደ ሌላ ለመለወጥ የሚያፋጥን፣ ራሱ ግን በሥራው የማያልቅ ሞለኪውል ነው። የአርጊኔዝ ሥራ አርጊኒን የተባለውን፣ ከምግባችንም ከራሳችን ሰውነትም የሚገኘውን የፕሮቲን ክፍል፣ በውኃ አማካይነት ሰንጥቆ ኦርኒቲንና ዩሪያ ወደሚባሉ ሁለት ነገሮች መለወጥ ነው። ገበሬዎቻችን በማዳበሪያነት የሚያውቁት ዩሪያ በየሰው ጉበት ውስጥ እንዲህ ይሠራል። በ1932 ሃንስ ክሬብስና ኩርት ሄንሰላይት እንደ ገለጡት፣ ፕሮቲን ሲፈርስ የሚወጣው መርዘኛ አሞኒያ ወደ ዩሪያ ተለውጦ በሽንት የሚወገደው በጉበት ውስጥ በሚዞር የሥራ ቀለበት ሲሆን፣ የቀለበቱ መጨረሻ አርጊኔዝ ነው። ይህን ኢንዛይም ሳይታደሉ የሚወለዱ ጥቂት ሕፃናት አርጊኒን በደማቸው እየተጠራቀመ፣ አንዳንድ ጊዜም አሞኒያው እየበዛባቸው፣ አእምሮአቸውና እግሮቻቸው ይጎዳሉ። እንግዲህ አርጊኔዝ በባሕርዩ ጠላት አለመሆኑን፣ ያለ እርሱ በጤና መኖር የማይቻል አገልጋይ መሆኑን አድማጮቻችን በልባቸው ያኑሩልን፤ በኋላ ወደዚህ ነገር እንመለሳለንና።

ችግሩ የሚመጣው ይህ አገልጋይ ከጉበት ውጭ፣ ከደዌ ጋር ጦርነት በሚደረግበት ቦታ፣ ከመጠን በላይ ሲበዛ ነው። ሊሽማኒያ የሚኖረው ማክሮፌጅ በሚባሉት፣ ወራሪን ውጠው እንዲያጠፉ በተፈጠሩት ሕዋሳት ውስጥ ነው። እነዚህ ሕዋሳት አርጊኒንን ወደ ናይትሪክ ኦክሳይድ ለውጠው የዋጡትን ተሐዋሲ ሊገድሉበት ይችላሉ፤ አርጊኔዝ በበዛ ጊዜ ግን ያው አርጊኒን ወደ ኦርኒቲን ይሄዳል፣ ከኦርኒቲንም ፖሊአሚን የሚባሉ ለሕዋስ እድገት አስፈላጊ የሆኑ ነገሮች ይሠራሉ፣ ተሐዋሲውም በእነዚሁ ይበዛል። አንጥረኛ ከአንዱ ብረት ጦርም ማረሻም ሊሠራ እንደሚችል ሁሉ፣ ከአንዱ አርጊኒንም ጠላትን የሚወጋ መሣሪያ ወይም ጠላት የሚያርስበት ማረሻ ይወጣል፤ ልዩነቱን የሚያመጣው ሥራውን የያዘው ኢንዛይም ነው። ይህ የሁለት መንገድ ፉክክር በግልጽ የታየው በላቦራቶሪ አይጦች ላይ ነው።

ሁለተኛም ጉዳት አለ። የሰውነታችን ተከላካዮች አዛዥ የሆኑት ቲ ሕዋሳት ጠላትን ለይተው ለመነሣትና ለመባዛት አርጊኒን ያስፈልጋቸዋል። አርጊኔዝ በዙሪያቸው ያለውን አርጊኒን በጨረሰባቸው ጊዜ፣ ከሕዋሳቱ ውጫዊ ገጽ የሚመጣውን መልእክት ወደ ውስጥ የሚያስተላልፈው ክፍላቸው ይቀንሳል፤ ጠላት ፊታቸው ቆሞ ሳለም ሳይነሡ ይቀራሉ። በካላዛር የተያዘ ሰው መከላከያው ፈጽሞ የሚዝለው፣ በሳንባ ምችና በሳንባ ነቀርሳ በቀላሉ የሚጠቃው ለምን እንደ ሆነ ሊቃውንት ሲመረምሩ፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ ሊሆን ይችላል ብለው ያሰቡት ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህን አሳብ በሰው ደም ውስጥ ለመፈተን የተደረገው ሥራ አንዱ ታላቅ ክፍል የተፈጸመው በእኛው አገር፣ በእኛው ሕመምተኞች ላይ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ታምራት አበበ፣ የጎንደሩ የኛሰው ታከለ፣ የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪ ፓስካል ክሮፕፍና ባልደረቦቻቸው በ2013 ባሳተሟቸው ጥናቶች፣ ካላዛር የያዛቸውን ሰዎች ደም ከጤነኞች ደም ጋር አነጻጸሩ። ያገኙትም ይህ ነው፤ በሕመምተኞቹ ደም ውስጥ የአርጊኔዝ ሥራ ከጤነኞቹ እጅግ ከፍ ያለ ነበር፤ አርጊኔዙን ተሸክመው የተገኙት ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ነበሩ፤ በዚያው መጠን በደሙ ፈሳሽ ውስጥ ያለው አርጊኒን አንሶ፣ የቲ ሕዋሳቱም መልእክት አስተላላፊ ክፍል ቀንሶ ተገኘ። ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ግን፣ ሕመምተኞቹ ታክመው በዳኑ ጊዜ ከፍ ብሎ የነበረው አርጊኔዝ በብዙ መውረዱ ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሊሽማኒያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከል በተደረገው ጥናት ደግሞ፣ ካላዛርና ኤች አይ ቪ በአንድነት በያዟቸው ሰዎች ላይ አርጊኔዙ ካላዛር ብቻ ከያዛቸው ሰዎች እንኳ ከፍ ብሎ ታየ። በደጋችን ቁንጭር እያልን የምንጠራውን፣ የካላዛር ዘመድ የሆነውን የቆዳ ሊሽማኒያሲስ በተመለከተም፣ በ2012 በወጣ ጥናት አርጊኔዝ በቁስሉ ሥፍራ ላይ መጨመሩ ተገልጿል።

ከዚህ በመነሣት የመጀመሪያውን ጥያቄ እንመልስ። አርጊኔዝ ምስክር ይሆናልን? አዎን፣ ይሆናል፤ የሚመሰክረው ግን ስለ ደዌው ደረጃ እንጂ ስለ ደዌው ስም አይደለም። አርጊኔዝ በኤች አይ ቪም፣ በሳንባ ነቀርሳም፣ በብርቱ ጉዳትም፣ ሕመም ባልሆነው በእርግዝናም ጊዜ ከፍ ሊል ይችላልና፣ ከፍ ያለ አርጊኔዝ የተገኘበትን ሰው ሁሉ ካላዛር ይዞታል ማለት ታላቅ ስሕተት ይሆናል። ደዌው በሌላ ምርመራ ከተረጋገጠ በኋላ ግን፣ መጠኑ እየወረደ መሄዱ ሕመምተኛው እየተሻለው መሆኑን፣ ከፍ እንዳለ መቅረቱም ነገሩ እንዳልተፈጸመ ሊጠቁም ይችላል። ስም የሚለይ ምልክት ሌላ፣ ደረጃ የሚመዝን ምልክት ሌላ ነው፤ ይህን ልዩነት የዘነጋ ሰው እውነተኛውን ልኬት ይዞ የሐሰት ፍርድ ይፈርዳል።

በተለይም ካላዛርና ኤች አይ ቪ የተባበሩበት ሰው ታክሞ ከወጣ በኋላ ደዌው እየተመለሰ የሚያስጨንቀው ስለ ሆነ፣ ማን እንደሚያገረሽበት አስቀድሞ ማወቅ ነፍስ የማዳን ነገር ነው። በ2022 የታተመው የየኛሰው ታከለና የባልደረቦቹ ጥናት፣ እንዲህ ያሉትን የጎንደር ሕመምተኞች ከሕክምናቸው በኋላ ለረጅም ጊዜ ተከታትሎ እንደ ገለጠው፣ ማገርሸቱን አስቀድሞ የሚያመለክተው የጣፊያው መጠን ወይም ሌላ ውጫዊ ምልክት አልነበረም፤ ሲዲ ፎር የተባሉት የቲ ሕዋሳት ማነስ፣ ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለው የመከላከያ መልእክተኛ መድከም፣ ፒዲ ዋን የተባለውም የዛሉ ሕዋሳት ምልክት በቲ ሕዋሳት ላይ መብዛት ነበር። በአንድ ምስክር ቃል ብቻ ፍርድ እንደማይጸና ሁሉ፣ ሐኪምም በአንድ ሞለኪውል ብቻ ሳይታመን የብዙዎችን ምስክርነት አስተባብሮ መመልከት እንዳለበት ከዚህ እንረዳለን።

ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ ይከብዳል። አርጊኔዝ የመድኃኒት ዒላማ ይሆናልን? በ2005 ክሮፕፍና ባልደረቦቿ በሊሽማኒያ በተያዙ አይጦች ላይ አርጊኔዝን የሚያግድ ነገር ሰጥተው የተሐዋሲውን ብዛትና የቁስሉን መጠን ለመቀነስ ችለዋል። ይህ ተስፋ የሚሰጥ ነገር ነው፤ ሆኖም ቀድመን በልባችሁ አኑሩልን ያልነውን አስታውሱ፤ አርጊኔዝ የጉበታችን አገልጋይ ነው። ከደዌው ጋር የተባበረውን ለመምታት ተብሎ የሚሰጥ መድኃኒት ጉበት ውስጥ ያለውን ቢያግድ፣ አሞኒያው በደም ውስጥ ተጠራቅሞ፣ በካላዛር የዛለውን ሰው በሌላ መንገድ ሊያጠፋው ይችላል።

ስለዚህ የሊቃውንቱ ዓይን ወደ ሌላ አቅጣጫ ደግሞ ይመለከታል። ሊሽማኒያ የራሱ የሆነ፣ ከእኛው የተለየ አርጊኔዝ አለው፤ ከዚያም በሚያገኘው ኦርኒቲን ትሪፓኖቲዮን የተባለውን፣ ከመከላከያችን መርዝ የሚጠብቀውን ልዩ ጋሻ ይሠራል። ሰው ትሪፓኖቲዮን የለውም። የዚህን ኢንዛይም ዘር በላቦራቶሪ ከተሐዋሲው ባጠፉበት ጊዜ፣ ኦርኒቲን ወይም ፖሊአሚን ከውጭ ካልተሰጠው በቀር ሊያድግ እንዳልቻለ ታይቷል። ስለዚህ የሰውን አርጊኔዝ ሳይነካ የሊሽማኒያን ብቻ የሚያግድ ነገር ቢገኝ ምርጥ ዒላማ ይሆናል ማለት ነው። ይህም ከንቱ ምኞት አይደለም፤ በዚሁ በፖሊአሚን መንገድ ላይ ከአርጊኔዝ ቀጥሎ ያለውን ኢንዛይም የሚያግደው ኤፍሎርኒቲን፣ የሊሽማኒያ ዘመድ በሆነ ተሐዋሲ የሚመጣውን የእንቅልፍ በሽታ ለማከም በ1990 ተፈቅዶ፣ በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ብዙዎችን አድኗል።

ሆኖም ዒላማን ማወቅ ሌላ፣ መድኃኒትን ማግኘት ሌላ ነው። በመካከላቸው የላቦራቶሪ ሥራ፣ በእንስሳት ላይ የሚደረግ ፈተና፣ በሰው ላይም በየደረጃው የሚደረግ ጥንቃቄ የተሞላ ምርመራ ስላለ፣ ዛሬ አርጊኔዝን በማገድ ካላዛርን የሚያድን መድኃኒት በየትኛውም ሆስፒታል የለም። ያለው ሕክምና፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2010 ጀምሮ ለምሥራቅ አፍሪካ የመከረው፣ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን የተባሉትን ሁለት መድኃኒቶች ለ17 ቀን በየዕለቱ በመርፌ መስጠት ነው። ኤች አይ ቪ ላለባቸውና ለተዳከሙት ደግሞ አምቢዞም የተባለው በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት አለ፤ ኤች አይ ቪ ላለባቸው ይህን ሚልቴፎሲን ከተባለው እንክብል ጋር አጣምሮ መስጠት የተሻለ መሆኑም በጎንደርና በአብደራፊ በተደረገ ምርመራ ተረጋግጦ፣ በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ሆኗል። መርፌው ያማል፣ መድኃኒቱም ልብንና ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል ክትትል ይፈልጋል፤ ነገር ግን ያድናል፤ የነገውን መድኃኒት ተስፋ እያደረጉ የዛሬውን መተው ሞትን መምረጥ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ዕዳ ይሆንብናል። በዓለም የሳይንስ መጽሔቶች ላይ ስለ አርጊኔዝ ከተጻፈው ዕውቀት አንዱ ክፍል የተገኘው፣ ሰሊጥ ሲያጭዱ ታመው፣ በጎንደር ሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝተው ሳሉ፣ ለምርምሩ ፈቃዳቸውን ሰጥተው ክንዳቸውን ከዘረጉ ድሆች ደም ነው። ብዙዎቹ ከዕውቀቱ ያገኙት የግል ጥቅም አልነበረም፤ የሰጡት ከእነርሱ በኋላ ለሚታመመው ነው። እንዲህ ያለው ስጦታ በተመራማሪውም፣ በመንግሥትም፣ በመድኃኒት ሠሪውም ላይ ግዴታ ያኖራል፤ ከዚህ ደም የተገኘ ምርመራ ወይም መድኃኒት አንድ ቀን ሲሠራ፣ አስቀድሞ ሊደርስ የሚገባው ለመተማና ለሑመራ ሠራተኛ፣ ለደምቢያና ለበለሳ ገበሬ ነው። በዩኒቨርሲቲዎቻችን የምትማሩ ወጣቶችም፣ የአገራችሁ ደዌ የአገራችሁን ልጆች አእምሮ የሚጠይቅ መሆኑን ተረድታችሁ፣ የሞለኪውልን ምሥጢር ወደ ማጥናት በርትታችሁ እንድትገቡ እንመክራችኋለን።

ለአድማጮቻችን ሁሉ የምናቀርበው ልመና ይህ ነው። ወደ ቆላ የምትወርዱ ወንድሞችና እኅቶች፣ አጎበር ይዛችሁ ውረዱ፤ ከግራርና ከበደኖ ዛፍ ሥር፣ ከተሰነጠቀ ዋልካ አጠገብ አትተኙ። ከቆላ ተመልሶ ከ2 ሳምንት በላይ ትኩሳት የያዘው፣ ሰውነቱ የከሳ፣ በግራ ጎኑም የጣፊያ እብጠት የተሰማው ሰው ቢኖር፣ በረሃ ወርዶ እንደ ነበረ ለሐኪሙ ገልጦ ይንገር፤ የወባ መድኃኒት ብቻ እየዋጠ ጊዜውን አያባክን። ሕክምናውን የጀመረ ሳይፈጽም አያቋርጥ፤ የፈጸመም ሐኪሙ በቀጠረው ቀን ሁሉ ተመልሶ ይታይ። እናቶችና አባቶች፣ ልጆቻችሁን ወደ ጤና ጣቢያ ለማድረስ አትዘግዩ፤ ካላዛር በጊዜ ከተደረሰበት የሚድን ደዌ ነውና።